ሰው ላክልኝ

ጥቅምት 6

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ መርፌ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና ያግኝሽ፤ ጉልበትሽ አይድከም፣ ዓይንሽ የመርፌ ቀዳዳ አይሳት። እኔ ደህና ነኝ። ስትደውዪ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እያልኩ ቶሎ ስለምዘጋብሽ አትቀየሚኝ። ገና በልጅነቴ ቤተሰቡ «ድምፁ» ያለኝ ድምፄ ስለማይሰማ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ እኔ ወሬ የሚመጣልኝ እስክሪብቶ ስይዝ ነው።

ትልቁን ዜና ልንገርሽ። እዚህ ባሕር ማዶ ከመጣሁ ጀምሮ ከምሠራበት ፋብሪካ ወጥቼ የራሴን ሥራ ጀመርኩ! አንድ ዳቦ ቤት ስር ያለ ምድር ቤት ተከራይቼ ወንበርና ሶፋ እጠግናለሁ። ደረጃውን ወርደሽ በሩን ስትከፍቺ መጀመሪያ የሚቀበልሽ የዳቦ ሽታ ነው፣ ቀጥሎ የኮላ። ግድግዳውን ራሴ ቀባሁት፤ ቢጫ መሆን ነበረበት፣ ሲደርቅ ግን ወደ አረንጓዴ አደላ። መዶሻዎቹን በቁመታቸው ደረደርኳቸው። ጣሪያው ስር ባለችው ትንሽ መስኮት የመንገደኛ እግር ይታየኛል፤ ጫማውን እያየሁ ባለቤቱ ምን ዓይነት ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ እገምታለሁ።

ሥራው በጣም ጥሩ ነው። ሰሞኑን አንዲት ሴትዮ የወጥ ቤት ወንበር አመጣችልኝ። የኋላ እግሩ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ይሄኛው ግን እየዞረ ነው የሚሄደው፣ ኮላ አያስገባም። ስለዚህ ኮላውን በሐኪም መርፌ ወጋሁት፣ በገመድ ጠፍሬ አሳደርኩት። በማግስቱ ፈትቼ ሳየው አንዱ ጎን አልያዘም፤ እንደገና ጠፈርኩት። ለመቀመጫው ያለኝን ስፖንጅ ሁሉ እያፈራረቅኩ፣ ራሴ እየተቀመጥኩ ሞከርኩ። ሴትዮዋ መጥታ ስትቀመጥበት ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? «ኧረ ተመስገን!» አለች።

ትንሽ ስረጋጋ ብር እልክልሻለሁ። እስከዚያው ናፍቆቴ ይድረስሽ።

ድምፁ


ጥቅምት 27

ለልጄ ለድምፁ፣

እጅህ የነካው ይጽና፤ ደጅህ ሰው አይጣ። እኔ በጣም ደህና ነኝ።

እንኳን ደስ አለህ ብዬ እልል አልኩ። ከዚያ ደብዳቤህን ደግሜ አነበብኩት፤ እልልታውን መለስ አደረግኩ። የእናትህ የአክስት ልጅ ነኝ፣ ዝምድናው ራቅ ይላል ብለህ እንደ ሞኝ አትቁጠረኝ። ሥራ የበዛበት ሰው የመንገደኛ ጫማ ሲያይ አይውልም። የአንድ ወንበር እግርም ግማሽ ደብዳቤ አይፈጅበትም። እውነቱን ንገረኝ የኔ ጌታ፤ ያቺ ወንበር ብቻዋን ናት አይደል?

አትፈር። እኔም ስጀምር እንዲሁ ነበርኩ። ስፌት መኪናዬ ላይ ተጎልቼ፣ «ሙያ ካለኝ ሰው ራሱ ፈልጎኝ ይመጣል» እያልኩ በር በር አያለሁ። ማን ይምጣ? የሚያልፈው ሁሉ የእኔን ቀጥ ያለ ስፌት በግድግዳ አልፎ አያይ! አንድ ቀን አንዲት አዋላጅ የጋዋኗ ኪስ ተቀዶባት ገባች። ኪሱን እየሰፋሁ ስለ ሥራዋ ጠየቅኳት። ገና የራሷን ክሊኒክ መክፈቷ ነው፤ እሷም እንደኔ በር በር ታያለች። ጎረቤቴ እርጉዝ ነበረችና «እሷ ጋ ሂጂ» አልኳት። ከዚያማ ምን ልበልህ፣ የወለደች ሁሉ የልጅ ልብስ ልታሰፋ እኔ ጋ መጣች። አዋላጇ «ሂዱ» ብላ የላከቻቸው ናቸው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሥራዬ ግማሹ ስፌት ነው፣ ግማሹ ሰው።

ስለዚህ እኔ ብር አልፈልግም። ብር አትላክልኝ፤ ሰው ላክልኝ። በየደብዳቤህ አዲስ የተዋወቅከውን አንድ ሰው ጻፍልኝ፤ ምን ይሠራል፣ ምን ቸገረው፣ በምን ይስቃል። እሱን ያልያዘ ደብዳቤ አላነብም።

አልጋዬ ላይ የዘረጋሁት ጨርቅ ሳይጨማደድ ልቅደደው። በደህና ቆየኝ።

እትዬህ


ኅዳር 24

ለእትዬ መርፌ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ስም ያወጣልሽ ሰው አልተሳሳተም፤ ወጋሽኝ። አዎ፣ ወንበሯ ብቻዋን ነበረች።

ሌላም ልንገርሽ። አንድ የዕቃ መጋዘን ጫኝና አውራጅ ይፈልጋል። ሥራው የማይጠፋ፣ ደሞዙ የማይዘገይ ነው። «እስከ ጥር መልስህን አሳውቀን» ብለውኛል። እሺ ካልኩ መዶሻዎቹን ከግድግዳው አወርዳለሁ ማለት ነው። እስካሁን አልመለስኩላቸውም።

ለማንኛውም አዝዘሽኛልና ታዘዝኩ። ላይ ያለችው ዳቦ ጋጋሪ ነች የነገረችኝ፤ ለራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች በየረቡዕ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ ኋላ ባለው ክፍል ይሰበሰባሉ። ኔትወርክ ይሉታል። አንድ በአንድ እየተነሱ ሥራቸውን ያስተዋውቃሉ። ካርድ አሳትሜ፣ ሸሚዝ ተኩሼ ሄድኩ። ንግግሬን ሳምንት ሙሉ መስታወት ፊት አጥንቼው ነበር። ተራዬ ደረሰ፣ ተነሳሁ።

«እኔ... ወንበር» አልኩ። ተቀመጥኩ።

አለቀ። ያ ነው ንግግሬ። ሰዉ ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ እኔ ግን ጆሮዬ ጋለ። ካርዴን ለሁሉም አደልኩ። ስንወጣ አንዷ ካርዴ የሚንገዳገድ ጠረጴዛ እግር ስር ተወሽቃ አየኋት። ካርዴ ከእኔ ቀድማ ሥራ ያዘች!

እትዬ፣ እዚያ ሁሉም ሊሸጥ እንጂ ሊገዛ የመጣ የለም። ተመልሼ የምሄድ አይመስለኝም። ሰው ላክልኝ ብለሻልና ግን እዚያ የተዋወቅኩትን አንድ መስኮት ወልዋይ እልክልሻለሁ። ከበሩ ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ረጅም ሰው ነው፣ ከፍታ ይፈራል። መሬት ላይ ቆሞ ከሚደርስበት በላይ ያለ መስታወት አይነካም። «ከዚያ በላይ ያለውን ዝናብ ይወልውለው» ይላል። ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

ድምፁ


ታኅሣሥ 12

ለድምፁ፣

ጤናና ድፍረት አብረው ይስጥህ።

«እኔ... ወንበር» የምትለዋን ሳነብ በሳቅ መርፌ ጣቴን ወጋኝ። እኔ ኔትወርክ የማውቀው ከስልኬ ላይ የሚጠፋውን ነው፤ ይሄኛውም አንድ ቀን ሄደው አንድ ቀን ሲቀሩበት ይጠፋል መሰለኝ። ተመልሰህ ትሄዳለህ።

ችግርህ ምን እንደሆነ ልንገርህ? ሥራ ልትለምን ሄድክ፤ ሰው ደግሞ ለማኝን ከሩቅ ያውቀዋል። በሚቀጥለው ረቡዕ ካርድህን ቤት ተወው። ሄደህ ለሌላ ሰው ሥራ ፈልግ። ማን ምን አጣ? ማን ዘንድ አለ? አንተ ዝምተኛ ነህ፣ ዝምተኛ ደግሞ ይሰማል። እዚያ ያለው ሁሉ የራሱን ሲናገር፣ የሚሰማ አንድ ሰው ከተገኘማ ወርቅ ነው። ለመጋዘኑ መልስ ለመስጠት ጊዜ አለህ፤ አትቸኩል።

ከፍታ የሚፈራውን ሰውዬ ወድጄዋለሁ። ጠረጴዛውን ደግሞ ጠግነህ ካርድህን አስለቅቅ፤ ነውር ነው።

እትዬህ


ጥር 19

ለእትዬ መርፌ፣

ደስታዬን የሚችል ወረቀት ካገኘሁ ይኸው! ሰላምታውን ከነሙሉ ቁመናው አንቺው ጨምሪበት፤ እኔ ቸኩያለሁ።

ጠረጴዛውን ጠገንኩ። ከዚያ አንዲት ቀለም ቀቢ አጠገብ ተቀመጥኩና ዝም ብዬ ሰማኋት። እዚህ ብርዱ ከገባ ጀምሮ ሥራ አጥታለች። ዳቦ ጋጋሪዋ ደግሞ ግድግዳዋ በእንፋሎት ተላልጦ ስታማርር በየቀኑ እሰማለሁ። ያንኑ ዕለት አገናኘኋቸው። በሳምንቱ እዚያው የሚመጣ አንድ ቦርሳ ሰፊ የስፌት መኪናው ተበላሸችበት፤ ማን እንደሚጠግን አውቅ ነበር። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። ለራሴ አንድ ሥራ አላገኘሁም፤ ግን ረቡዕ እስኪደርስ ይጨንቀኝ ጀመር።

እንዲህ እያለ አንድ ጠዋት ደረጃውን የሚወርድ የሴት ጫማ በመስኮቴ አየሁ። በሩ ተከፈተ።

«አንተ ነህ ያ የማይናገረው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ጥሩ ነው፣ እኔ ብዙ እናገራለሁ።»

የአሮጌው ሲኒማ ቤት ባለቤት ናት። ከአባቷ ወርሳው ለብዙ ዘመን ተዘግቶ ኖሯል፤ አሁን ልትከፍተው ነው። ረጅሙ ሰውዬ የበሩን መስታወት ሲወለውልላት ስለ ወንበሮቹ ስታለቅስ ሰምቶ፣ «የሚጠግን ሰው አውቃለሁ፤ ሲናገር ግን አትጠብቂው» አላት። ይዛኝ ሄደች። እትዬ፣ አዳራሹ ሙሉ ነው! ስፖንጁ እየወጣ፣ እግሩ እየወለቀ፣ እስከ ግድግዳው ድረስ ወንበር ብቻ። እስከ ግንቦት መክፈት አለባት። ብቻዬን ብሞትም አልጨርሰውም። «አይ፣ ይቅርብኝ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ዝምታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ፣ ቃሉ አልወጣም።

ረቡዕ ተነሳሁ። «አንድ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ብቻዬን አልችለውም፤ ማን ያግዘኛል?» አልኩ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር! ቦርሳ ሰፊው ልባሱን እሰፋለሁ አለ፣ ቀለም ቀቢዋ ብረቱን፣ የጭነት መኪና ያለው ማመላለሱን። ረጅሙም «ከመሬት እስካልተነሳሁ ድረስ አለሁ» አለ። ለመጋዘኑ «አመሰግናለሁ፣ አልመጣም» ብዬ ጻፍኩ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደብዳቤዎችሽን ደግሜ ሳነብ «አልጋዬ ላይ የዘረጋሁት ጨርቅ» የምትል አገኘሁ። ያ ሁሉ መቁረጫ ጠረጴዛ ሱቅሽ ውስጥ እያለ አልጋ ላይ ምን ወሰደሽ? ሱቁ ደህና ነው?

ድምፁ


የካቲት 30

ለልጄ ለድምፁ፣

እንኳን ደስ አለህ። እኔ ደህና ነኝ። መልሱ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው። ስለ ሱቁ ሌላ ጊዜ እናወራለን። ብር አትላክ ያልኩት እንዳለ ሆኖ፣ ከተረፈህ ትንሽ ብትልክልኝ አይከፋኝም።

እትዬህ


መጋቢት 17

ለእትዬ መርፌ፣

ጤናሽን ከልቤ እመኛለሁ። ብሩን ልኬያለሁ፤ ሲያስፈልግሽ ደግሞ ያለ ሐፍረት ጠይቂኝ።

ግን ያስተማርሽኝን ላስታውስሽ። ሥራ የበዛበት ሰው ደብዳቤው አይረዝምም ብለሻል፤ ያንቺ ማጠር ግን የሥራ ብዛት አይመስልም፣ ሳቅ የለባትም። ደስ ያላት እትዬ መርፌ ሳትወጋኝ ደብዳቤ አትዘጋም። እንግዲህ ተራው የኔ ነው፤ ሰው ላኪልኝ። ከመንገድሽ ሳትወጪ ጀምሪ። ጎረቤትሽ ምን ይሠራል? ምን ቸገረው? እሱን ያልያዘ ደብዳቤ አላነብም።

ድምፁ


ሚያዝያ 25

ለዚያ ለማይናገረው፣

እጅህ ይባረክ፤ ምላስህን ግን አንድዬ ይመልሰው፣ ድሮ ዝም ስትል ይሻል ነበር!

ደብዳቤህን አንብቤ ተናደድኩ። ወረወርኩት፣ አነሳሁት፣ አነበብኩት። እሺ፣ ስማ። ባለፈው ዓመት ሕንጻው ተሸጠ። የገዛው ሰው ሱቆቹን አፍርሶ የመኪና ማቆሚያ አደረጋቸው። የእኔ መኪና በኖረችበት ቦታ ዛሬ የሰው መኪና ቆሞበታል። እኔ ስፌቴን መኝታ ቤት አስገባሁ። ደንበኞቼ ሱቁን እንጂ ቤቴን አያውቁም፤ አንድ በአንድ ጠፉ። አዋላጇም ልጇ ዘንድ ሄዳ ሌላ ከተማ ነው ያለችው። አንተን እየመከርኩ እኔ በር ዘግቼ መቀመጤን እንዴት ብዬ ልንገርህ?

ደብዳቤህ በመጣ በማግስቱ ነጠላ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። ከቤቴ ሦስተኛው በር ላይ ፀጉር ሰሪ አለች። ስንት ዘመን «እንደምን አደርሽ» ተባብለን እንተላለፋለን፤ ወጥ ቤቷ ውስጥ፣ ድስትና የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ጎን ለጎን አድርጋ እንደምትሠራ አላውቅም ነበር። ከእሷ ማዶ ፎቶ አንሺ አለ፤ የበሩን ግማሽ ብቻ ነው የሚከፍተው፣ ሰው ሳይመጣ ቀርቶ ባዶ ስቱዲዮ እንዳይታይበት። መንገዱ ዳር ካለው ደረጃ ስር ደግሞ ጫማ ሰፊ አለ። ሦስቱንም እኔ ቤት ጠራኋቸው። ፎቶ አንሺውና ፀጉር ሰሪዋ ተኳርፈው ኖረዋል ለካ! እሷ የሠራችውን የሙሽራ ፀጉር ጫፉን ከፎቶው ቆርጦ ነው ያነሳው።

«አናት የሌላት ሙሽራ አየህ ወይ?» አለችው።

«ፀጉሩ ከክፈፉ በለጠ፤ እኔ ምን ላድርግ!» አላት።

ጫማ ሰፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲናገር የሰማሁት ያኔ ነው። «እኔ እግር ብቻ ነው የማየው፣ ጠባችሁ ውስጥ ባታስገቡኝ» አለ። ሳቁ መጣና ኩርፊያው አለቀ።

ድሮ መድኃኒት ቤት የነበረ ባዶ ቤት አለ። ብቻችንን ማናችንም አንከራየውም፤ አራት ሆነን ግን ቁልፉን ትናንት ተቀበልን። የላክኸው ብር የእኔን ድርሻ ሞላው። ጠረጴዛዬን ከጓሮ አውጥቼ እያጠብኩ ነው።

እነሆ፣ ሦስት ሰው ላክሁልህ። ጠገብክ?

እትዬ መርፌ


ግንቦት 21

ለእትዬ መርፌ፣

ተመስገን፣ እንደገና ወጋሽኝ! ደብዳቤሽን ረቡዕ ጠዋት ለሁሉም ተርጉሜ አነበብኩላቸው። ፎቶ አንሺውና ፀጉር ሰሪዋ ጋ ስደርስ ዳቦ ጋጋሪዋ የሳቅ እንባዋን ጠረገች።

ሲኒማው እሑድ ከሰዓት ተከፈተ። የመጨረሻዋን ወንበር ያሰርነው ሰው በር ላይ ተሰልፎ ሳለ ነው። ሲገቡ እኔ ከኋላ ቆሜ ፊልሙን አላየሁም፤ ሰዉ ሲቀመጥ ነው ያየሁት። አንድ ሽማግሌ ተቀመጡ፣ ተነሱ፣ መቀመጫውን በእጃቸው ዳሰሱ፣ ተመልሰው ተቀመጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፊልሙ ሲጀመር አንቀላፍተው ነበር። ከዚህ የበለጠ ምስጋና አልፈልግም።

ባለቤቷ እንዳለችው ብዙ ተናገረች፤ የሁላችንንም ሙያ በየተራ ጠራች። በማግስቱ ወንበሮቹን ማስጠገን የሚፈልግ አንድ ሆቴል ሰው ላከብኝ። ቀጠሮ የያዝኩት ለሁላችንም ነው፤ ቦርሳ ሰፊው አሁን ምድር ቤቱን ተጋርቶኛል፣ መዶሻዎቼን ግን በቁመታቸው ደርድሮ አይመልስም፣ እንጣላለን።

ለአዲሱ ዓመት ዕረፍት ወስጄ ልጠይቅሽ እመጣለሁ። ይህን በስልክም ብነግርሽ ኖሮ ያው «እመጣለሁ» ብቻ ነበር የምለው፤ እዚህ ግን ልጨምርበት። በጣም ናፍቀሽኛል።

ድምፁ


ሰኔ 28

ለልጄ ለድምፁ፣

መንገድህ የቀና፣ ሻንጣህ ቀላል ይሁን። ስትመጣ የምትቀመጥበት ወንበር እንዳለን አላረጋግጥልህም፤ ደንበኞች ይዘውታል።

ቅዳሜ የሆነውን ካልነገርኩህ እፈነዳለሁ። ጠዋት አንዲት ሙሽራ ፀጉሯን ልትሠራ መጣች። ቀሚሷን ለብሳ ነው የመጣችው፤ ተገዝቶ የመጣ ቀሚስ ነው፣ የእኔ እጅ የለበትም። ቁጭ ስትል ዚፑ ጠረቅ! ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። ሙሽራዋ ጮኸች፣ እናቷ ጮኸች፣ ሚዜዎቹ ምክንያቱን ሳያውቁ ጮኹ። ፀጉር ሰሪዋ «መርፌ!» ብላ ተጣራች። እስፒል በአፌ ይዤ ሮጥኩ።

ዚፑ አይሆንም፤ ጨርቁም ከጎኑ ተቀዷል። አዲስ ዚፕ ለማስገባት ጊዜ የለም። ጀርባዋን እያየሁ ሳለ ጫማ ሰፊው በሩ ላይ ቆሟል። ዓይኔ እጁ ላይ አረፈ፤ የወንድ ጫማ ይዟል፣ በግማሽ የታሰረ። «አንተ!» አልኩት፣ «ያቺን የጫማ ክር ቀዳዳ የምትበሳባትን አምጣ።»

«እኔ ቆዳ እንጂ ሐር አላውቅም» አለ።

«ከስሩ ገበር አደርግልሃለሁ፤ ቆዳ ነው ብለህ ምታው!»

ገበሩን ሰፋሁ፣ እሱ በግራና በቀኝ እየበሳ የጫማ ክር የሚያልፍባቸውን ትንንሽ የብረት ቀለበቶች መታ። ከሳቲን ረጅም ጥብጣብ ቆርጬ ከወገቧ እስከ ትከሻዋ እያጣመርን አሰርናት፤ ልክ እንደ ጫማ። ፀጉር ሰሪዋ የለቀቀችውን ፀጉር ወደ ላይ ሰበሰበችው፣ ጀርባው እንዲታይ። ሙሽራዋ በመስታወት ዞራ አየች።

«ድሮም እንዲህ መሆን ነበረበት» አለች።

ጫማ ሰፊው ወደ ደጅ ወጣ። ቀዝቃዛ አየር ሊወስድ ነው አለ፤ እኔ ግን መሐረቡን ሲያወጣ አየሁት። ፎቶ አንሺው ከነጀርባዋ፣ ከነፀጉሯ፣ ምንም ሳይቆርጥ አነሳት። ከሠርጉ ማግስት ሁለት የሙሽራዋ አክስቶች መጡ፤ ለልጆቻቸው ሠርግ «እንደ ጫማ የሚታሰረውን» ይፈልጋሉ። አሁን የጫማ ሰፊው መደብ ወደ እኔ ጠረጴዛ ጎን ተዛውሯል፤ ሐር አላውቅም ማለቱንም ትቷል።

ሙሽራዋ መኪና ውስጥ ስትገባ ሁላችንም ደጅ ወጥተን እያጨበጨብን ነበር፤ ፎቶ አንሺው ሳናውቅ አንስቶናል። ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። እስፒል በአፏ ይዛ የምትስቀው እኔ ነኝ። የቀሩት ማን ማን እንደሆኑ ስትመጣ ራሳቸው ይነግሩሃል።

እትዬ መርፌ